በወይራው ሥር የተረታሁበት ሙግት

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተከስሻለሁ፤ አንድ ጊዜም ተረትቻለሁ። ሁለቱም የሆኑት በአንድ እሑድ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ባለ አንድ ወይራ ሥር ነው። ሁለተኛ ዲግሪሽን የት ተማርሽ ሲሉኝ ሌኒንግራድ እላለሁ፤ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው። በወረቀቱ እኮራለሁ፤ የማልኮራ መስዬ ብናገር ውሸቴን ነው። በዚያ መረታቴ ግን የበለጠ እኮራለሁ፤ ምክንያቱን ሳልናገር መሞትም አልፈልግም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። አባቴ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ሲያጥብና ሲያስር የኖረ ድሬሰር ነበር። ተረኛ ባልሆነበት ቀን ሌላው ሰው ጠጅ ቤት ወይም ሲኒማ ሲሄድ፣ እሱ እጄን ይዞ ፍርድ ቤት ይወስደኛል። ጉዳይ የለውም። የሚሄደው ለመስማት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የድሮው ሙግት ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ዘርግቶ፣ "ተጠየቅ!" ብሎ ሲነሣ ግቢው በሙሉ ጸጥ ይላል። ነገሩን በግጥም ያወርደዋል፤ ተከሳሹም በግጥም ይመልሳል፤ ያላማረለት እውነት ይዞም ቢሆን ሲያፍር አይቻለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ በሬ ሲሟገት ዘንጉን ወደ ላይ ወርውሮ ሳያይ ቀለበው። እኔም ቤት ገብቼ በመጥረጊያ እንጨት ስሞክረው የፋኖስ ብርጭቆ ሰብሬ ተገረፍኩ። ቴአትር የጀመርኩት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዲስ አበባ ቴአትር ተምሬ ስመለስ የክፍለ ሀገሩ የባህል ጽሕፈት ቤት ቀጠረኝ። ሥራዬ የኪነት ልጆችን ማሠልጠን ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የሚሰጣቸው ድርሰት ግን ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ድል እንደማይቀር ከመናገር ሌላ ምንም አይጠይቅም። ጥቂት ዓመት ክንድ ሳዘረጋ ከቆየሁ በኋላ፣ የሶቪየት ኅብረት ነፃ የትምህርት ዕድል መጣ፦ ፊልም፣ ቴአትርና ተዛማጅ ጥበባት፣ ሁለተኛ ዲግሪ። አባቴ ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

"እኔ ቁስል ማሰር የተማርኩት በሁለት ዓመት ነው፤ ውሸት ለመጫወት ይኸን ያህል ዘመን ይፈጃል?" አለኝ።

ይህን ብሎ ሻንጣዬን ተሸክሞ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኝ። አንድም ቀን "ሂጂ" አላለኝም፤ አንድም ቀን "ቅሪ" አላለኝም።

አማካሪዬ ረጅም፣ ሽማግሌ፣ ሳይጠየቅ የማያወራ ሰው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ የአገሬ የሙግት ሥርዓት እንደሆነ ስነግረው "ያ ሕግ ነው፤ ሕግ የሚያስተምሩት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው" አለኝ። ቴአትር ነው አልኩት። ደራሲው ማነው አለ። ተናጋሪው ራሱ ነው አልኩ። መጋረጃውስ? መጋረጃ የለውም አልኩ። ከንፈሩን ሸርመም አደረገ። ደሜ ፈላ። በዚያ በተሰባበረ ሩሲያኛዬ፣ አገሬ አንድ ሰው መጋረጃ ሳያስፈልገው ሺህ ሰው ጸጥ የሚያሰኝበት አገር ነው አልኩት። እሱም ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ፦ "አሳዪኝ። ካላሳየሽኝ ርዕሱን እሰርዘዋለሁ፤ ሌላ ርዕስ ለመጀመር ደግሞ ጊዜ የለሽም።"

በእጅ የሚጠመዘዝ አንድ የፊልም ካሜራ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ የማይሞሉ ሦስት ጥቅል ፊልም፣ አንድ ቴፕ መቅረጫና የሁለት ወር ፈቃድ ተሰጠኝ። በቃ፤ ዲግሪው በዚህች ላይ ተንጠለጠለ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር፤ ለማንም ያልነገርኩት። በማደሪያችን አብራኝ የምትኖር የአገሬ ልጅ፣ ትምህርታችንን ስንጨርስ በባቡር ወደ ምዕራብ እንሻገር ትለኝ ነበር። "ጦርነት፣ ካድሬና ስብሰባ ወዳለበት ማን ይመለሳል?" ትላለች። እሺም እንቢም አላልኳትም። ነገር ግን በዚያ ዓመት የክረምት ካፖርት ስገዛ፣ ከሁለቱ ብዙ ዓመት የሚቆየውን መረጥኩ። ሰው ለራሱም የማይነግረውን ነገር በእቃ ምርጫ ይናገራል።

ጥር ላይ ጎንደር ገባሁ። ፍርድ ቤቱ ሁሉን ነገር በጽሑፍ አድርጎታል፤ ዘንግ ዘርግቶ የሚናገር የለም። አባቴ ግን የሚያስፈልገኝን ሰው ያውቅ ነበር።

"ሴት ናት። ከጃናሞራ። የአባቷን ርስት ወንድሞቿ ነፍገዋት አሥራ አንድ ዓመት ተሟገተች። እሷ የምትቀርብ ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ መራመድ የሚችል በሽተኛ አይቀርም ነበር፤ እኔም አልቀርም። በመጨረሻ ረታች።"

"መሬቱንስ አገኘችው?"

"አገኘችው። ወዲያው አዋጁ ወጣና መሬት ለሁሉም ታደለ" አለና ሳቀ። "ለወንድሞቿም ደረሳቸው።"

በዚያን ጊዜ ከደባርቅ ወዲያ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ አገሩ አልተረጋጋም። ወረቀቱንም፣ ከጽሕፈት ቤታችን አንድ ፎቶ አንሺም አገኘሁ። ይህ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አንድ ነገር ተመችቶት አያውቅም። እስከ ደባርቅ በመኪና ስንሄድ አቧራውን አማረረ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን በበቅሎ ስንሄድ በቅሎዋን፣ ብርዱን፣ ገደሉን፣ እኔንም አማረረ። እጁ ካሜራ ላይ ሲያርፍ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ ሁሉንም ቻልኩለት።

ሴትዮዋን ያገኘናት በግቢዋ ገብስ ስታበጥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ። የአባቴን ስምና የመጣሁበትን ነገርኳት።

"እትዬ፣ እንደ ድሮው ሲሟገቱ ልቀርጽዎት ነው" አልኳት።

"ከማን ጋራ ነው የምሟገት?"

"ከጎረቤትዎ ጋር። ላሙ ገብስዎን በላች እንበል።"

"የማን ላም?"

"የማንም አይደለችም፤ ለጨዋታ ነው እንጂ። ቀርጬ ባሕር ማዶ አስተማሪዬ ዘንድ እወስደዋለሁ።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። "የሌለች ላም የሌለ ገብስ በላች በይኛ። ኧረ ጉድ! በይ እሽ፤ ከተማ የማያመጣብን የለም።"

ወደ ባሕር ማዶ እወስደዋለሁ ያልኩትን እንዳልዘለለችው በኋላ ነው የገባኝ።

እሑድ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ከሚካኤል አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ሰው ተሰበሰበ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር፣ ሁሉ አያ የሚለውን ሰው፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዳኛ አድርጌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ጎረቤትየውን በተከሳሽ ቦታ አቆምኩ። ቴፑን ከፈትኩ። ሁሉም ግን ይስቃል። ዳኞቹም ይስቃሉ። አንደኛው ሽማግሌ ላሚቱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ሌኒንግራድ የተማርኩ አዘጋጅ ነኝ፤ ሳቅ ያለበት ችሎት አልቀርጽም።

"አያ፣ በድሮው ሥርዓት ዳኛ ሲቀመጥ አይምልም ነበር?" አልኩት።

"ይምላል እንጅ።"

"እንግዲያ ይማሉልኝ፤ ከልብ። ካልሆነ ፊልሙ ላይ ውሸት ይመስላል።"

አያ ግራና ቀኙን አየ። "ባብዮቱ ነው የምምል በሚካኤል?" አለ።

"እንደሚያምኑት" አልኩ፤ የኪነት ልጆችን በማሠለጥንበት ድምፅ። እሱም ለጥንቃቄ በሁለቱም ማለ። ሽማግሌዎቹ በሚካኤል ብቻ ማሉ። ወዲያው ሳቁ ቆመ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ጀርባቸው ቀና አለ። እኔ የልቤ ደረሰ ብዬ ለፎቶ አንሺው ጠቀስኩት።

ያን ጊዜ አያ እጁን አነሣ። "ልጄ፣ ላሚቱ አለች የለችም?"

"የለችም፣ አያ።"

"ታዲያ አስምለሽን በምን ላይ እንፍረድ? ምለን በሌለች ላም ብንፈርድ በነፍሳችን ማን ይጠየቅልናል? እውነተኛ ነገር ያለው ይነሣ። ከሌለ እንበተን።"

ሰው ልብሱን እያራገፈ መነሣት ጀመረ። ለሦስት ቀን በበቅሎ የመጣሁበት፣ ካሜራው፣ ዲግሪው፣ ሁሉም እዚያው ሲበተን ታየኝ። ተዋናይ ሲምል አጨብጭቤ አውቃለሁ፤ እውነተኛ ሰው ማስማል ምን እንደሚያመጣ ግን ጎንደር ተወልጄ ማወቅ ነበረብኝ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የኔው ጥጋብ ነው።

"እኔ ነገር አለኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሴትዮዋ ናት። ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ዘንጓን ወደ ጎረቤቷ ትዘረጋለች ስል ወደኔ ዘረጋችው።

"ተጠየቂ!"

"እትዬ፣ ስምምነታችን እኮ..." ስል አያ አቋረጠኝ።

"ተከሳሽ ቁሚ። አደግድጊ። ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ።"

ቆምኩ። ከጀርባዬ የካሜራው ጠረር የሚል ድምፅ ተነሣ። ፎቶ አንሺው ሳላዘው ጀምሮታል።

"በይ ልበልሽ!" አለች፤ ያ ቀጭን ደረት ያን ድምፅ ከየት እንዳወጣው አላውቅም።

"እህል ቢሰረቅ ጎተራው ይመሰክራል፣
ከብት ቢነዳ ኮቴው ይናገራል፣
ቃል የተወሰደበት በምን ያመለክታል?"

ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞረች። "ይች ልጅ ከጎንደር መጣሁ አለች፤ ሸጋ። ያባቷን ስም ጠራች፤ ሸጋ። ሳጥን ከፈተች፤ የተናገርሁት ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። አሁን ባሕር ማዶ ልትወስደው ነው። ስሙኝ ዳኞች፤ ጎንደር በረታሁ ቀን አንድ ፈረንጅ ፊቴን አነሣ። እልክልሻለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። እስተዛሬ ፊቴ አልመጣልኝም። አሁን ደግሞ ድምጤ ሊሄድ ነው። ፊቴም ድምጤም ከወጣ እኔ ምን ቀረሁ? ይፈረድልኝ።"

እንዲህ ያለ ነገር የትም ቴአትር ቤት ሰምቼ አላውቅም። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያለቅስባቸውን ትልልቅ ተዋናዮች አይቻለሁ፤ አንዳቸውም እንደሷ እውነት ይዘው አልቆሙም። ለአፍታ የምኮራው በእሷ ነበር፤ የተከሰስኩት እኔ መሆኔን ረስቼዋለሁ።

"ተከሳሽ፣ መልሽ" አለ አያ።

አንድ ሰው ዘንግ አቀበለኝ። በሙግት ላይ ታላቅ ታናሽ የለም፣ አንቺ ማለት ነው የሚገባ፤ አፌ ግን አልደፍር አለኝና "ይበሉ ልበልዎ!" አልኩ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ረዳኝ። የአባቴ እጅ እጄን ይዞ ያሰማኝ ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣ።

"ውኃ ቢቀዱት ምንጩ አይነጥፍም፣
እሳት ቢጭሩት ምድጃው አይጠፋም፣
ቃል ቢወስዱትም ካፍ አይጎድልም!"

ይህን ብዬ ዘንጉን ወደ ላይ ወረወርኩት። ለምን እንዳደረግኩት አልጠይቅም፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የጀመርኩት ነገር ነው። ቀለብኩትም። "እሰይ!" አለ ሰው፤ አንደኛው ሽማግሌ ጭኑን መታ። የፋኖሱ ብርጭቆ ዋጋውን አገኘ ብዬ ልቤ በኩራት አበጠ።

ሴትዮዋ ግን ገና አልጨረሰችም። ጠጋ አለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

"ሸጋ ተናገርሽ። ምድጃ አይጠፋም፤ እውነትሽን ነው። ግን እኛ እሳት የምንጫጫረው ጎረቤት ስለሆን ነው። ዛሬ አንች ከኔ ትጭሪያለሽ፤ ነገ የኔ ሲጠፋ ካንች እጭራለሁ። በይ ንገሪኝ፤ ምድጃዬ የጠፋ ቀን የት አገኝሻለሁ?"

አፌን ከፈትኩ። "ጎንደር" ማለት ቀላል ነበር። ያ ብዙ ዓመት የሚቆየው ካፖርት ታየኝ። ዳኞቹ ምለዋል፤ እኔ አልማልኩም፤ ቢሆንም በነዚያ ሰዎች ፊት መዋሸት አቃተኝ። አንድም ሰው ያላየውን ነገር እሷ እንዴት እንዳየችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

"ተረትቻለሁ" አልኩ።

ሦስቱ ዳኞች ራሳቸውን ገጥመው ተመካከሩ። አያ ተነሥቶ ፈረደ፦ "ቃሉ ይሂድ፣ ፊቷም ይሂድ። ተከሳሽ ግን ሁለቱንም ይዛ እዚችው ወይራ ሥር ትመለስ። ለዚህ ዋስ ትጥራ።"

በዚያ አገር የማውቀው ሰው የለኝም። ወደ ፎቶ አንሺው ዞርኩ። ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሣ "እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዘንጉ እለው ነበር።

"ዋስ ካጣች ቁራኛ ናት" አለች ሴትዮዋ። ቁራኛ የድሮ ሥርዓት ነው፤ ዋስ የሌለው ሰው ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ታስሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብሮት ይውላል፣ አብሮት ያድራል። የኔ ነጠላ አዲስ ነበር፤ የሷ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ። ጫፍ ለጫፍ አድርጋ ቋጠረችው። ፎቶ አንሺው ሦስተኛውን ጥቅል በዚያ ቋጠሮ ላይ ጨረሰው።

ያን ቀን ሙሉ ታስረን ዋልን። ጠላ ልትቀዳ ስትነሣ አብሬ እነሣለሁ፤ ዶሮ ልታባርር ስትሮጥ አብሬ እሮጣለሁ። ስለ ወንድሞቿ አጫወተችኝ፤ ቂም አልያዘችባቸውም፤ ሁለቱን ቀብራ እንዳለቀሰችላቸው ነገረችኝ። ማግስቱን ጠዋት በቅሎዎቹ ሲጫኑ ማጭድ አወጣችና ከቋጠሮው በላይ በኩል የኔንም የሷንም ነጠላ ቆረጠች። ቋጠሮውን መዳፌ ላይ አኖረች።

"እኔ ባሕር ማዶ አልሄድ፤ ጫፌ ይሂድ" አለች።

ጎንደር ስደርስ ለአባቴ ቴፑን አሰማሁት። የሴትዮዋን ድምፅ ገና ከመጀመሪያው ቃል ለየው፤ ፈገግ አለ። የኔ ተራ ሲደርስ "ይችስ ማናት?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። ዓይኑን ሲጠርግ በመስኮት አየሁት። ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠና "እስቲ ድገሚው" አለ። ስለ ቴአትር ትምህርት ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

ሌኒንግራድ ውስጥ ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን ሦስቱን ጥቅል አሳየሁ፣ ቴፑን አሰማሁ፣ ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ከፈታኞቹ አንዱ "ተዋናዮቹ እየተወኑ መሆናቸውን ያውቁ ነበር?" አለኝ። "ትወና ልሠራ የሄድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አልተሳካልኝም" አልኩት። ሳቁ። "የሙግቱ መጨረሻ ምን ሆነ?" አለ ሌላው። "እስክመለስ ድረስ መጨረሻ የለውም" አልኩ። አማካሪዬ ተነሣ። ቋጠሮውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየው፤ ከዚያ በሁለት እጁ መለሰልኝ። በኛ አገር አክብሮት እንደዚያ እንደሚሰጥ አላስተማርኩትም። ማለፌን ያወቅሁት ውጤቱ ሳይነገረኝ በፊት ነው።

ጓደኛዬ የባቡር ትኬት ገዝታ ጨርሳ ነበር፤ የሷንም የኔንም። አልሄድም ስላት ማመን አቃታት።

"ለዚች ጨርቅ ብለሽ?" አለችኝ።

ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲያው ቁጣዬ በረደ፤ እሷን የጠየቃት የለም፤ እኔን ግን በምስክር ፊት ጠይቀውኛል። ፈርታ ነው የምትሄደው፤ ለመፍራትም ምክንያት ነበራት። ተቃቅፈን አለቀስን። ካፖርቴን አወለቅሁና አለበስኳት። እኔ ወደምሄድበት አያስፈልግም ነበር።

ጎንደር ስገባ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ጠበቀኝ። በወሩ መጨረሻ ይከፈታል ይሉኛል፤ ወሩ ያልቃል። ሴትዮዋ አርጅታለች፤ ቋጠሮዬን እንደያዝኩ ብትሞትብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመሀሉ ካድሬያችን ፊልሙን ካላየሁ ከቢሮ አይወጣም አለ። አይቶ ሲጨርስ "አብዮቱ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በመሀል ዳኛ ሆኖ መቀመጡን አሳየሁት። "መልካም" ብሎ ፈረመ። አያ በማን በማን እንደማለ ቴፑን አላሰማሁትም።

መንገዱ ሲከፈት ከፎቶ አንሺው ጋር፣ የኪነት ቡድኑን ጄኔሬተርና የፊልም ማሳያ በበቅሎ ጭነን ወጣን። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያማርር ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ የምፈራው ሌላ ነገር ነበር። ግቢው በር ስደርስ ሰፌድ ሲመታ ሰማሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ምነው ዘገየሽ?" አለች።

እግሯ ላይ ወደቅሁ።

በእኩለ ቀን የማኅበሩን አዳራሽ መስኮት በጋቢ ደፍነን አጨለምነው። ነጭ ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ፊቷ ጋቢው ላይ ወጣ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የድምፁን ቴፕ በእጄ ነበር የማስኬደው፤ ቃሉ ከአፏ ቀድሞ ሄደብኝ። ላቆመው ስል "ተይው፤ ድሮም ቃሌ ይቀድመኛል" አለች።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ጋቢው ሄደች። ጥላዋ ምስሉን ሸፈነው፤ ተቀመጭ ብለው ጮኹባት፤ አልሰማችም። እጇን ዘርግታ ጉንጯ ያለበትን ቦታ ነካች። በራሷ ፊት ቆማ፣ ያች የጋቢዋ ሴትዮ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ ሰማቻት።

"እውነቷን ነው፤ ይፈረድላት" አለች ወደ ሰዉ ዞራ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ወይራው ወጣን፤ ማንም እንሂድ ያለ የለም። አያና ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ቋጠሮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠብቋል፤ በጣቷ አልፈታ አላት። ላግዝዎ ስል "ያሰርሁት እኔ ነኝ" ብላ በቀሩት ጥርሶቿ ያዘችው። ተፈታ። የኔን ቁራጭ ለኔ ሰጠችኝ፤ የሷን ራሷ ያዘች።

"በይ፤ ካሁን ወዲያ ማንም አይዝሽም። ወደወደድሽበት ሂጅ" አለችኝ።

እኔ ግን እንባዬ ወረደ። ተፈትታ የምታለቅስ ሴት አይተን አናውቅም አሉ። እንባዬን በዚያችው ቁራጭ ጨርቅ ጠረግሁና ነጠላዬን አደገደግሁ። ዳኞቹን እጅ ነሣሁ።

"ያን ጊዜ ያልመለስኩት አንድ ጥያቄ አለ" አልኩ። "እትዬ፣ ምድጃዎ የጠፋ ቀን ጎንደር ነኝ። ከሆስፒታሉ በታች፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት። አባቴም አለ፤ እኔም አለሁ።"

አያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "ከሳሽ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አለች።